ኮምፕሬሰር በመቀናጆ

ይድረስ ለወንድሜ ለሲራክ አስረስ፣ ጋምቤላ

ወንድምዓለም፣ ከሰላምታው በፊት ኑዛዜ ይቅደም። ወሩ የጾም ነውና ይህን ነገር በሆዴ ይዤ ፋሲካን ልቀበል አልችልም። ስትሄድ በአደራ የሰጠኸኝ ብስክሌት፣ ዝናብ እንዳይነካት፣ የሰፈር ልጅ እንዳይነዳት፣ እኔም ራሴ እንዳልወጣባት በአቦ ያስማልከኝ ብስክሌት፣ ዝናብ አልነካትም። ልጅ አልነዳትም። እኔም አልወጣሁባትም። መሐላዬ ሙሉ ነው። ብቻ የሁለቱም ጎማዎቿ ከመነዳሪ የለም፤ ቫልቮቹም የሉም። ቆማለች፤ የቆመችው ግን በቸርኬዋ ነው። ኃጢአተኛዋ እህትህ ለምን ሆዷን እንዳወጣሁት እስክነግርህ ድረስ እርግማንህን በኪስህ አቆይልኝ።

አሁን ሰላምታው። እንዴት ነህልኝ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? የምታስተምራቸው ልጆችስ ቁመታቸው ጣራ ደርሶ አንተን ከላይ ሆነው ነው የሚያዳምጡህ የሚባለው እውነት ነው? ወባዋስ ተወችህ? ባለፈው «አንዴ ጎብኝታኝ ሄዳለች» ብለህ ስትጽፍ እማዬ ሴት መስላት የማን ልጅ እንደ ሆነች ስታጣራ ሰነበተች። ወባ መሆኗን ሳስረዳት እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ይህን ያህል ነው ምራት የምትፈራው። ባሮ ውስጥ እንዳትዋኝ ብላሃለች፤ አዞ የተማረ ሰው አይመርጥም አለች።

እኛ ተመስገን ደህና ነን። አባዬ ይቆጣል፣ እማዬ ዝም ትላለች፣ እኔ በመካከል ሆኜ እጽፍልሃለሁ። ቲና እያልክ የምትጠራኝ አንተ ከሄድክ ወዲህ በስሜ የሚጠራኝ ሰው በዚህ ግቢ የለም። አባዬ ዘንድ «አንቺ» ነኝ። «አንቺ፣ ውሃ አምጪ።» «አንቺ፣ ከዚያ ማሽን ራቂ።» የቀለም መርጫውንማ ልንካ ብል «ሲራክ ሲመጣ ለሱ ነው» ይለኛል። መርጫው ከአንተ ጋር ታጭቶ እንደሚጠብቅ እንድታውቀው ያህል ነው።

ወሬው እንዲህ ነው። ዕድራችን አውቶቡስ ገዛ። የዕድሩን ዳኛ ጋሽ ገብረ መድኅንን ታውቃቸው የለ፣ የቀብሩን ንግግር ጥቂት ስም ቀይረው ሠርግ ላይ የሚደግሙትን? እሳቸው ናቸው ከአንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያገኙት። ከእንግዲህ ለቀስተኛ በጭነት መኪና ላይ እንደ ከሰል አይጫንም ብለው አስጨበጨቡ። አውቶቡሱ ሲመጣ ግን ራሱ ቀብር የሚፈልግ ነበር። ዝገቱ ከቆርቆሮው ይበልጣል። ዳኛው «ማን ይቀባዋል?» ብለው አፋቸውን ሳይገጥሙ አባዬ ተነሣና «እኔ፣ ለዚያውም በነጻ፣ ለአቦ ንግሥ አደርሰዋለሁ» አለ። እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ስትሰበስብ አየኋት።

መቼም አባዬ መሥሪያ ቤቱ ከቀነሰው ጀምሮ አልጋና ቁም ሣጥን፣ ሲቀናው ፍሪጅ ሲቀባ ታውቀዋለህ። አውቶቡስ ግን ቁም ሣጥን አይደለም። የግቢው በር ከነመቃኑ ተነቅሎ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልገባም። ግንባሩ እኛ ጓሮ፣ መቀመጫው መንገድ ላይ ሆኖ ቀረ። ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የቀበሌው። አባዬ ዝገቱን ፋቀ፣ ስቱኮ መታ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸ። እስከዚህ ድረስ እንከን የለውም፤ ሙልጭ ያለ ሥራ ነበር። ጉዱ የመጣው ቀለም የተጀመረ ቀን ነው።

ያንን አሮጌ ኮምፕሬሰራችንን፣ «ጣልያኑ» የምንለውን፣ ታስታውሰዋለህ። ለአልጋ እግር የሚበቃ ትንፋሽ አለው። ለአውቶቡስ ጎን ግን አባዬ ሁለት ክንድ ያህል እንደ ረጨ ሆዱ ባዶ ይሆናል። አየር ለካ እንደ ደመወዝ ነው፤ ሲሞላ ቀስ እያለ፣ ሲያልቅ በአንዴ። ጣልያኑ እያሳለ እስኪሞላ አባዬ ቆሞ ይጠብቃል፤ እስከዚያ የተረጨው ይደርቃል፤ አዲሱና የደረቀው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጠባሳ ይቀራል። ሊያልቅ ሲልማ መርጫው ቀለሙን መትፋት ይጀምራል። በማግስቱ ጠዋት ብርሃን ሲያርፍበት አውቶቡሱ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኖ ተገኘ። የሰፈር ልጆች «ጅግራ» አሉት። ስሙ እስከ ጎፋ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

ጋሽ ገብረ መድኅን መጡ። ዞሩት። ዱላቸውን በመዳፋቸው እያሻሹ፣ ለሐዘንተኛ በሚናገሩበት ድምፅ፣ አባዬ እንዳይቀየም፣ ዕድሩ ድካሙን እንደማይረሳ፣ ብቻ ጎፋ አንድ ትልቅ ጋራዥ እንዳለ ነገሩት። አባዬ እስከ አቦ ዋዜማ ጊዜ ስጡኝ ብሎ ለመናቸው። ሲለምን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት ጾሙን ሊፈታ ሽሮው ቀርቦለት አልነካውም። ለእማዬ እንዲህ አላት፦ «ይህ አውቶቡስ ሌላ ሰው ቀብቶት በዚህ በር ፊት ካለፈ ስሜ ያለበትን ታፔላ አወርዳለሁ። የአክስትሽ ልጅ ለመጋዘኑ ዘበኛ ይፈልጋል።» እማዬ ሽሮውን መልሳ ከደነችው። ስትጨቃጨቅ አልፈራም፤ እንዲህ ስታደርግ ነው የሚያስፈራኝ። አባዬን በወታደር ካፖርት፣ መጋዘን በር ላይ፣ ዱላ ይዞ ሲቀመጥ በሐሳቤ አየሁት። እጁ ላይ የቀለም ጠብታ የሌለበት አባት። ወንድምዓለም፣ ሳቄ ጠፋ። የእኔ ሳቅ እንዲህ በቀላሉ የሚጠፋ እንዳልሆነ ታውቃለህ።

እዚህ ላይ ጋሽ ሂርጳ ይገባሉ፤ በበር ሳይሆን በአጥር። ጎሚስታ ሱቃቸው ከአጥራችን ጋር ተለጥፎ፣ ኮምፕሬሰራቸው የአባዬን ሬድዮ ዜና በየቀኑ ሲያቋርጥ፣ ሁለቱ በቆርቆሮው ላይ አንገታቸውን አውጥተው ሲነታረኩ ነው የኖሩት። የእኛ ቤት የቆመበት ቦታ የአባታቸው የጤፍ ማሳ እንደ ነበረም እንዳንረሳው በየጊዜው ያስታውሱናል። ያን ቀን ግን አንገታቸውን አውጥተው አልተሳደቡም። ጅግራውን ብዙ ጊዜ ሲያዩት ቆዩና፣

«አስረስ» አሉ፣ «አባቴ አንድ በሬ ነበረው። ጎረቤቱም አንድ ነበረው። አንተ በተኛህበት መሬት ላይ ሁለቱን አቀናጅተው ያርሱ ነበር። አንተ በአንድ በሬ ስትፍጨረጨር ሳይ አፈርኩልህ።»

«ሂርጳ፣ ይሄ ማሽን ነው። በሬ አይደለም።»

«አይስብም? አይደክመውም? ሲደክመው አይተኛም? እንግዲያው በሬ ነው።»

አባዬ ጣልያኑን ዞሮ አየው። ጋሽ ሂርጳ የራሳቸውን ኮምፕሬሰር ደግሞ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቀለም ስለ ፈሰሰበት፣ ከድሮም ቦራ ነው የሚሉት። ጣልያኑና ቦራ በአንድ ቀንበር ሊጠመዱ ተወሰነ። መቀናጆ የሚባለውን ነገር እኔ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ነበር የማውቀው፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች በሬዎቻቸውን አጣምረው በተራ የሚተራረሱበት። በቱቦ ሲሆን አላየሁም ነበር።

ቦራን በአምስት ሰው አስጎትተው ወደ ግቢያችን አስገቡት። ባለ ሦስት አፍ ቱቦ ከብረት ሠሪ መጣ፤ በሁለቱ አፍ አየር ይገባል፣ በሦስተኛው ወደ መርጫው ይወጣል። ነገሩ በቀለጠፈ ነበር፤ ጋሽ ሂርጳ ግን በሬ ሲጠመድ አብሮ ነው የሚነሣ፣ አንዱ ቀድሞ ከተነሣ ቀንበር ይሰብራል ብለው ድርቅ አሉ። ስለዚህ ሁለቱም ማሽኖች በእኛ ቆጣሪ ላይ ተሰክተው፣ አባዬ በአንዱ ማብሪያ፣ እሳቸው በሌላው ቆሙ። ጋሽ ሂርጳ እንደ አራሽ ጅራፍ የሚያጮኹ ይመስል ክንዳቸውን አንሥተው «ሃ! ና!» አሉ። በአንድ ላይ ተጫኑ። ሁለቱ በሬዎች አንዴ አጓሩ፤ ፊውዛችን ብልጭ ብሎ ተቃጠለ፤ የእማዬ ሬድዮ በመዝሙር መካከል ዝም አለ። እማዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ሁለት ሽማግሌ፣ ሁለት ማሽን፤ ከአራታችሁ ማን ይበልጥ እንደሚያጓራ እንጃ» ብላ ተመለሰች።

ይህን ጊዜ ነው ጋሽ ሂርጳ የመቀናጆን ሌላ ሕግ ያስታወሱት። በሬ አብሮ ያርሳል እንጂ አብሮ አይበላም፤ ማታ እያንዳንዱ በጌታው በረት ነው መኖ የሚገፈረው። ቦራ እንደገና ወደ ሱቃቸው ተጎተተ። የራሱን መብራት ከራሱ ቆጣሪ ይብላ፣ ትንፋሹ ብቻ በቱቦ ይምጣ ተባለ። ለቱቦው ማለፊያ አጥሩ ተበሳ። አባዬ ያንን ቆርቆሮ ላለማስነካት ስንት ዓመት እንደ ተጣላ ታውቃለህ፤ መቀሱን አምጥቶ የቆረጠው ራሱ ነው።

ፊውዙ ዳነ፤ ሌላ ጣጣ መጣ። ቦራ ጉልበታም ነው፤ ጣልያኑ ደግሞ ውስጡ ያረጀ፣ የያዘውን አየር እንኳ በቅጡ የማይዝ። ቦራ የላከው አየር ወደ መርጫው ከመሄድ ወደ ጣልያኑ ሆድ ይገባና በጣልያኑ አፍንጫ ፉ... እያለ ይወጣል። አባዬ «በሬህ የእኔን እየወጋው ነው» አለ። ጋሽ ሂርጳ «የአንተ ነው የእኔን ገፈራ የሚበላው» አሉ። እንዲያውም ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ችግሩም እሱ ነው። አንዱ በርጩማ ላይ፣ አንዱ ጎማ ላይ፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ጾም ላይ ናቸው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ አቦ ደርሷል። አባዬ ታፔላውን ቀና ብሎ ሲያየው አየሁት።

ለማሳቅ ነው ያደረግኩት። ሌላ የማውቀው ነገር የለማ። ብስክሌትህን ከጓዳ አውጥቼ በመካከላቸው አቆምኳትና እንደ ጋሽ ገብረ መድኅን ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አባቶቼ» አልኳቸው፣ «የሲራክ ብስክሌት ከእናንተ በሬዎች ትሻላለች። የሰጧትን ትቀበላለች፤ ሰጪው ቢለምናት ግን አትመልስም። ልክ እንደ ዕድራችን ሣጥን።»

በፓምፑ ነፋሁላቸው፤ ፓምፑን ነቀልኩ፤ ጎማው አልተነፈሰም። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ጋሽ ሂርጳ ዞሩ፤ አባዬም ዞረ። «ንቀያት» አለ አባዬ። ቫልቩን ነቅዬ ሰጠሁት። ወደ አፉ ወስዶ በአንድ በኩል ጉንጩን ነፍቶ ነፋ፤ አለፈ። ገልብጦ ነፋ፤ እምቢ አለ። ለጋሽ ሂርጳ አቀበላቸው። እሳቸውም ነፉ፤ ገልብጠው ነፉ። ሁለት ሽበታም ሰዎች እንደ ፊሽካ እየተቀባበሉ ሲነፉ ያየ ሰው ጾሙ ራሳቸው ላይ ወጣ ይል ነበር። ለጣልያኑም እንዲህ ያለ በር ይበጅለት፤ የራሱን ይላክ፣ የሰው አያስገባ ማለታቸው ነው።

ጋሽ ሂርጳ ሄደው ከሱቃቸው ጀርባ ያለውን የብረት ክምር ገለበጡት። ከአሮጌ የጭነት መኪና ፍሬን ላይ የተፈታ ቡጢ የሚያህል ነሐስ ይዘው መጡ፤ አየሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ፣ የዚያችው ቫልቭ ታላቅ ወንድም። ከጣልያኑ ቱቦ ጫፍ ላይ ገጠሙት። መጋጠሚያው ሲያፏጭ ደግሞ በቀጭን ላስቲክ ይጠምጠም ተባለ። ሱቃቸው ሙሉ ከመነዳሪ እንደ ቋንጣ ተንጠልጥሎ የአንተኑ ለምን እንደ ቆረጡ ጠይቀኝ። «የእኔ የመኪና ነው፣ ወፍራም ነው፤ የሲራክ ለመጠምጠም ይመቻል» አሉ፤ መቀሱም በእኔ እጅ ነበር፤ ቫልቮቹም ከቁርጥራጩ ጋር ጠፉ። ኃጢአቴ ይኸው ነው።

አሁን የምነግርህን ግን ሳልቀልድ ልንገርህ፤ ከቻልኩ።

ትናንት ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ አቧራ እንዳይኖር ግቢውን በሙሉ ውሃ ረጨነው። ጋሽ ሂርጳ ቦራን አስነሡ። ቆይተው፣ አብረው ሳይሆን ቆይተው፣ አባዬ ጣልያኑን አስነሣ። አንዱ ድም ድም ይላል፣ አንዱ ጠክ ጠክ ይላል። መጀመሪያ እርምጃቸው አልገጠመም። ትንሽ ተጓዙ፤ ከዚያ፣ እንዴት እንደ ሆነ አላውቅም፣ አንድ ድምፅ ሆኑ። ከእግሬ ሥር መሬቱ ሲያጓራ ተሰማኝ። አባዬ መርጫውን ከፈተው። ሁላችንም የግፊት መለኪያውን መርፌ ነበር የምናየው፤ ሁልጊዜ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ታች የሚወድቀውን። ትንሽ ዝቅ አለና ቆመ። ቆሞ ቀረ። አባዬ በግራ እጁ አማተበና መራመድ ጀመረ።

ከአውቶቡሱ ግንባር ተነሥቶ ወደ ኋላ፣ በአንድ እርምጃ፣ በአንድ ትንፋሽ። ጋሽ ሂርጳ ቱቦውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ለካህን ጥላ እንደሚይዝ ሰው ከኋላው ከኋላው ይከተሉታል። ሁለት ክንድ ያህል ረጭቶ ይቆም የነበረው አባዬ አሁን አልቆመም። ጥቁር ሰማያዊው ቀለም እንደ ጉም ወጥቶ እንደ ውሃ ያርፋል፤ ጅግራው በፊታችን ነጠብጣቡን አወለቀ። እሱ ባለፈበት ቦታ መጀመሪያ ጣራችን ታየ፤ ቀጥሎ የአቦ ጉልላት ከነመስቀሉ፤ ቀጥሎ ሰማዩ፣ ወፍም ነበረበት፤ ቀጥሎ እማዬ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። ቆርቆሮ ውስጥ ሰፈራችን በሙሉ ተነሥቶ ቆመ።

ይህን የሠራው አየር ነው እኮ። ማንም የማይሸጠው፣ ማንም የማያየው፣ ዝም ብለን የምናስገባውና የምናስወጣው። ጋሽ ገብረ መድኅን በአንድ ቀብር ላይ የሚጨርሱት ብቻ ቢጠራቀም ሦስት አውቶቡስ ይቀባል። ለብቻው ሲሆን ሻማ ለማጥፋት የሚበቃ ትንፋሽ፣ ከጎረቤት ትንፋሽ ጋር በአንድ ቱቦ ሲገባ እንዲህ ይሆናል ብሎ ማን ነገረኝ? አለቀስኩ እንዳልልህ የቀለሙ ሽታ ነበር። የሽታው ብቻ ግን አልነበረም።

ጋሽ ገብረ መድኅን ረፋድ ላይ የጎፋውን ጋራዥ ሰው አስከትለው መጡ። ቆሙ። ጎኑ ላይ ራሳቸውን አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ንግግር እስኪጀምሩ ጠበቅን፤ አልመጣም። ከሠርግም ከቀብርም የተረፈ ቃል አጡ። በመጨረሻ «ይህማ ለሙታን ብቻ አይሆንም፤ ለሙሽራም ይሁን» አሉ። የጋራዡ ሰው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ጠባሳ ፈለገ፤ ፈለገ፤ ቀና ብሎ የአባዬን እጅ ጨበጠ።

ሰዎቹ እንደ ሄዱ አባዬ መሰላል ተደግፎ ታፔላውን አወረደው። አሁን ደግሞ ለምን ልለው ስል፣ መሬት ላይ አጋድሞ በተረፈው ሰማያዊ ቀባው። እኔን ሳያይ «አጥር ከተበሳ ወዲያ አንድ ስም አይበቃውም» አለ። ይኸው ከትናንት ጀምሮ የማን ስም ይቅደም ብለው ከጋሽ ሂርጳ ጋር እየተጨቃጨቁ ነው፤ በተበሳው በኩል፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው። እስኪስማሙ ፋሲካ ያልፋል። እኔ ግን ብሩሽ ደብቄአለሁ፤ ሲዘናጉ «መቀናጆ» ብዬ እጽፍበታለሁ።

ከሰዓት አውቶቡሱ ተገፍቶ ዞሯል፤ መንገድ ላይ ቀርቶ የነበረው መቀመጫው፣ የኋላ ግድግዳው ማለቴ ነው፣ አሁን ግቢያችን ነው። ያልተቀባው እሱ ብቻ ነው፤ ዛሬ ያልቃል ተብሏል። ለአቦ ካህናቱ ጠበል እስኪረጩት ማንም እንዳይነካው፣ ማንም እንዳይገባበት ዳኛውና አባዬ በአንድ ቃል ከልክለዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙበትን ሕግ ማክበር ይገባኝ ነበር። ኑዛዜ ካልቀረ ግን ይህንንም ልጨምርልህ፦ ደብዳቤውን የምጽፍልህ ከውስጥ ሆኜ ነው፣ ከኋላው ረጅም ወንበር ላይ። የዕድሩ አውቶቡስ የመጀመሪያ ተሳፋሪ በሕይወት ያለች ናት፤ ይህ ለዕድሩ መልካም ዕድል ይመስለኛል።

እማዬ ከአንገቷ በላይ ሳይሆን ከልቧ አቅፋ ትስምሃለች፤ ሽሮና በርበሬ በሚመጣ ሰው ትልካለች፤ ጎብኚዋ ተመልሳ ከመጣች መድኃኒትህን እንዳትረሳ ብላለች። ጋሽ ሂርጳ ከነቤተሰባቸው ሰላም ብለውሃል፤ ለብስክሌትህ አዲስ ከመነዳሪ በራሳቸው እጅ ሊገጥሙላት በአቦ ምለዋል፤ የእኔን መሐላ ስላየሁ የሳቸውን አልጠራጠርም። ጋሽ ገብረ መድኅን ስትመጣ ንግግር ያደርጉልሃል፤ ቀድመህ ምሳ ብላ። ጣልያኑና ቦራም ያው እንደ አቅማቸው ተንፍሰውልሃል። አባዬ ደግሞ

ቆይ። መስኮቱ ላይ ጥላ አረፈ። አባዬ ነው። ቀለሙ እንዳይነካው ክንዱን ወደ ራሱ ሰብስቦ ቆሟል፤ የማያየኝ መስሎኝ ጎንበስ ብል አየኝ። «ትንሣኤ!» አለ። አንቺ አላለም። በስሜ ነው የጠራኝ። በእጁ መርጫውን ይዟል፤ እጀታው ወደ እኔ ዞሯል። የአውቶቡሱ የኋላ ግድግዳ እኮ ገና አልተቀባም።

ወንድምዓለም፣ አትቀየመኝ፤ መሄድ አለብኝ።

እህትህ ትንሣኤ አስረስ
መካኒሳ አቦ፣ አዲስ አበባ፣ ከዕድሩ አውቶቡስ የኋላ ወንበር
መጋቢት 3 ቀን 1988 ዓ.ም.